ሕፃኑን የሚገድለው ተቅማጡ ሳይሆን የሚያልቀው ውሃ ነው

ጥጃ አሳድጎ የሚያውቅ ገበሬ እምቦሳው ክፉኛ መታመሟን ለመለየት ሐኪም አይጠይቅም። ማለዳ በረቱን ሲከፍት ጭራዋና የኋላ እግሯ በቅዘን ተጨማልቆ፣ ዐይኗ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ ያገኛታል። የአንገቷን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሲለቀው ቆዳው ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም። ጣቱን በአፏ ቢያስገባ አትጠባም። የአፏ ውስጥ እንኳ በርዷል። ይህን ያየ ገበሬ እምቦሳዋ ከእጁ ልታመልጥ እንደ ተቃረበች ያውቃል።

ያው ገበሬ ቤቱ ገብቶ የአንድ ዓመት ልጁን ሲመለከት ግን እነዚያኑ ምልክቶች በሌላ ስም ይጠራቸዋል። ልጁ ለሁለት ቀን ሲያስቀምጠውና ሲያስታውከው ሰንብቶ ዐይኑ ሲጎደጉድ «ከሳ» ይባላል። ሲያለቅስ እንባ ሲያጣ ልብ የሚለው የለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ሲነጫነጭ የቆየው ሕፃን በሦስተኛው ቀን ጸጥ ብሎ ማንቀላፋት ሲጀምር «ተመስገን፣ ተኛ፣ ተሻለው» ተብሎ በጀርባ መታዘሉ ነው። በብዙ ቤት ሕፃኑ የሚያመልጠው በዚህ እንቅልፍ ውስጥ ነው።

በጥጃዋም ሆነ በሕፃኑ ላይ የታዩት እነዚህ ምልክቶች የሆድ ሕመሙ የራሱ ምልክቶች አይደሉም። ሁሉም የሰውነት ውሃ እያለቀ መሆኑን የሚናገሩ ናቸው። ሰው ሲወለድ ከክብደቱ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ውሃ ነው፤ ካደገም በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክብደቱ ውሃ እንደሆነ ይቆያል። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በተቅማጥና በትውከት ግማሽ ሊትር ውሃ ቢያጣ ከክብደቱ 5 በመቶ አጣ ማለት ሲሆን፣ ምልክቶቹ መታየት የሚጀምሩት ከዚህ ወዲያ ነው። ያጣው አንድ ሊትር ሲሞላ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ደሙ መጠኑ ይቀንሳል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ሽንቱ ይቆማል፣ ራሱን ይስታል። በኮሌራ የተያዘ አዋቂ ሰው ደግሞ ሕመሙ በጸናበት ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ስለሚችል፣ ጧት እርሻ ላይ የዋለ ጎልማሳ ማታ ላይነሳ ይችላል።

«ድርቀት» የሚለው ቃል ያመጣው ችግር

የጤና ባለሙያዎች ይህን የውሃ ማለቅ «ድርቀት» ይሉታል። በገጠር ግን ድርቀት ሲባል ሰው ሁሉ የሚረዳው የሆድ ድርቀትን፣ ማለትም ሰገራ አልወጣ ማለትን ነው። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሲያስቀምጠው የዋለ ሕፃን ያቀፈች እናት «ልጅሽን ድርቀት ይዞታል» ስትባል ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም። ሆዱ መቼ ደረቀና ትላለች። በስብሰባና በቤት ለቤት ትምህርት ላይ «የሰውነት ውሃ ማለቅ» ብሎ በግልጽ መናገሩ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ምልክቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ዐይንና ሁለት ጣት ብቻ ነው። የሕፃኑን ሆድ ከእምብርቱና ከጎኑ መካከል ባለው ቦታ ላይ ቆዳውን ቆንጥጦ መልቀቅ ነው። በደህና ጊዜ ቆዳው ወዲያው ይመለሳል። ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ዐይኑም ከጎደጎደ፣ ልጁም ከተነጫነጨና ውሃ ሲሰጡት ተስገብግቦ ከጠጣ ውሃው መጉደሉን ያመለክታል። ከእነዚህ ሁለቱ አብረው ከታዩ መጠራጠር አይገባም። ቆንጥጠው የለቀቁት ቆዳ ለሁለት ሰከንድ ያህል ተነሥቶ ከቆየ፣ ወይም ሕፃኑ ከፈዘዘና መጠጣት ካቃተው ግን ነገሩ ከቤት አልፏል፤ ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። ገና እርግብግቢቱ ባልደፈነ ጨቅላ ላይ ደግሞ የእርግብግቢቱ መስመጥ ሌላው ምልክት ነው። በምግብ እጥረት የከሳ ልጅ ቆዳው ቀድሞውንም ቀስ ብሎ ስለሚመለስ፣ እንዲህ ላለው ሕፃን በቁንጥጫው ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ጨውና ስኳር በአንድ ቀንበር

ለረጅም ዘመን ሐኪሞችም ቢሆኑ በተቅማጥ ያለቀ ውሃ የሚተካው በደም ሥር በሚገባ ፈሳሽ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በአፍ የተሰጠ ውሃ እንደ ገባ ይወርዳል ይባል ነበር። ውሃ ብቻውን ከሆነ በእርግጥም ብዙ አይረዳም። ነገሩን የለወጠው ሮበርት ክሬን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 በፕራግ ከተማ ይፋ ያደረገው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ጨውና ስኳር አንድ ላይ ሆነው የሚያልፉበት በር አለ የሚል ነበር።

ገበሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ነጠላ በሬ ቀንበር ተጭኖበት ሞፈር አይጎትትም፤ ጥማድ ሲሆን ግን እርሻው ይሄዳል። ጨውና ስኳርም በልክ ሲጠመዱ የአንጀትን ግድግዳ አልፈው ወደ ደም ይገባሉ፣ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። የኮሌራ መርዝ የአንጀትን ሥራ ሲያዛባና ውሃ ወደ ውጭ ሲያፈስ ይህን በር አይዘጋውም፤ በሌሎቹም የተቅማጥ ዓይነቶች በሩ በአብዛኛው ሥራውን እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ ተቅማጡ ሳይቆም ውሃውን መመለስ ይቻላል።

ጥማዱ ግን ልክ አለው። ስኳር ሲበዛ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት መልሶ ይስባል፣ ተቅማጡንም ያብሳል። ለታመመ ልጅ ከሱቅ ለስላሳ መጠጥ ገዝቶ መስጠት፣ በስኳር የተወፈረ ሻይም መጋት፣ በፍቅር የሚደረግ ጉዳት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጨው ሲበዛ ደግሞ ሕፃንን እስከ ማንዘፍዘፍ ሊያደርስ ይችላል።

ከብት አርቢውን የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ማድረግ ይገባል። የእምቦሳ አንጀት የገበያ ስኳርን መፍጨት አይችልም፤ ለእርሷ የሚስማማት ግሉኮስ ነው። ለሰው በስኳርና በጨው የተበጠበጠውን ለጥጃ መስጠት ተቅማጧን ያባብሰዋል እንጂ አይጠቅማትም። የእንስሳት ሐኪም ለጥጃ የተዘጋጀውን ንጥረ ነገር ሲያዝዝም በእናቷ ወተት ፋንታ ሳይሆን በጡት መካከል ሰዓት አሳልፎ የሚሰጥ ነው። እምቦሳዋን አስቀድሞ የሚጠብቃት ግን በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ የምትጠባው እንገር ነው።

በጦርነት መካከል የተገኘ ማስረጃ

የክሬን ሐሳብ ወደ ሕክምና የተሸጋገረው እ.ኤ.አ. በ1968 በዳካ ከተማ ነው። ዳካ በዚያን ጊዜ የምሥራቅ ፓኪስታን ከተማ ነበረች። ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉት ወጣት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከአካባቢው ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ የኮሌራ ሕሙማን የግሉኮስና የጨው ብጥብጥ በሚያጡት ልክ ቢጠጡ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በ80 በመቶ እንደሚቀንስ አሳዩ። ይህ የሆነው ግን በሆስፒታል ውስጥ፣ በሐኪም ዐይን ሥር ነበር። መንደር ውስጥ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች አገር ጦርነት ተነሥቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ። በድንበር አጠገብ ባንጋኦን በተባለው ስፍራ ኮሌራ ገባ። ሕሙማኑ በክፍሎቹ ወለል ላይ ተነጥፈው ሳለ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሕንዳዊ የሕፃናት ሐኪም በእጁ የቀረውን አንድ መንገድ ተከተለ። ጨው፣ ግሉኮስና ሶዲየም ባይካርቦኔት ካልካታ ውስጥ እየተመዘነ በላስቲክ እንዲታሸግ አደረገ። ከዚያም በትልልቅ በርሜል ውሃ ተበጥብጦ የሕሙማኑ ዘመዶች ራሳቸው እየቀዱ እንዲያጠጡ አዘዘ። አስታማሚዎቹ እናቶች፣ እኅቶችና አባቶች እንጂ ነርሶች አልነበሩም። ቀደም ሲል ከመቶው 30 ያህል ይሞቱ በነበረበት ስፍራ የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ ወደ 3.6 ወረደ። ዘ ላንሴት የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ግኝት የምዕት ዓመቱ ታላቅ የሕክምና እርምጃ ሊሆን የሚችል ብሎታል።

ቤት ለቤት

የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ይበልጥ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ ነጻ በወጣችው ባንግላዴሽ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በፋዝሌ ሐሰን አቤድ የተመሠረተው ብራክ የተባለ የገጠር ልማት ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አንኳኩቶ ለእናቶች የብጥብጡን አሠራር አስተማረ። በየቤቱ ሚዛንና ማንኪያ ስለሌለ መለኪያው የእናቲቱ እጅ ነበር፤ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ ጭብጥ የአገር ስኳር በግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ።

አስተማሪዎቹ የገጠር ሴቶች ሲሆኑ፣ እያንዳንዷ ለእናቲቱ ዐሥር ነጥቦች ካስረዳች በኋላ እናቲቱ በራሷ እጅ እንድትበጠብጥ ታደርግ ነበር። ደመወዛቸውም የሚከፈለው በጎበኙት ቤት ብዛት አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ሌላ ተቆጣጣሪ ከተጎበኙት ቤቶች አንዳንዱን መርጦ በመሄድ እናቲቱን ይጠይቃታል፣ እንድትበጠብጥም ያደርጋታል። አስተማሪዋ የምታገኘው ክፍያ እናቲቱ ባስታወሰችውና በትክክል በሠራችው ልክ ነበር። ስብሰባ ተደረገ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ተገኘ እየተባለ ሪፖርት በሚጻፍበት የኤክስቴንሽን ሥራ ውስጥ ላለ ሰው ይህ አሠራር ሊያስቀናው ይገባል።

ያም ሆኖ ሥራው በመጀመሪያ ተሰናክሎ ነበር። እናቶቹ አሠራሩን በደንብ ያውቁታል፣ ልጅ ሲታመም ግን የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ሲጠና ሦስት ነገር ታወቀ። በመጀመሪያ፣ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ውሃ፣ ጨውና ስኳር ተቅማጥን ይረዳል ብለው በልባቸው አላመኑም ነበር። ሁለተኛው የቃል ጉዳይ ነበር። የመንደሩ ሕዝብ ተቅማጥን በአራት ስም ይለየው ነበርና፣ ትምህርቱ የተሰጠበት ቃል ለእነርሱ ከባዱን የውሃ ተቅማጥ ብቻ የሚያመለክት ሆኖ በሌላው ሁሉ ላይ ሳይሠሩበት ቀሩ። በሦስተኛ ደረጃ ወንዶቹ ተረስተው ነበር። ባል ያልሰማውን ነገር ሚስት ብቻዋን በቤቱ ልታቆም አልቻለችም። ስለዚህ በገበያ፣ በመስጊድና በትምህርት ቤት ለወንዶች የተለየ ስብሰባ እየተደረገ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሥር ሰደደ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በተቅማጥ እንደሚሞቱ ይገመት ነበር። በቅርቡ በዓለም ጤና ድርጅት የተሰጠው ግምት 444 ሺህ ያህል ነው። ለቅነሳው ንጹሕ ውሃም ክትባትም አስተዋጽኦ ቢኖራቸውም፣ የብጥብጡ ድርሻ ትልቅ ነው።

ግግ፣ ጥርስና የተከለከለ ጡት

በእኛ አገር ያለው እንቅፋት ከባንግላዴሽ ብዙ አይርቅም። ሕፃን ከስድስት ወር ወዲያ ሲያስቀምጠው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ተብሎ ይታለፋል። በብዙ አካባቢም «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይወጋል፣ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ይነቀላል፤ እንጥሉን የሚያስቆርጡትም አሉ። የሕፃኑ ሰውነት ውሃ እየለመነ ሳለ ደም እንዲፈስሰው ይደረጋል፤ ድዱ ቆስሎ ደግሞ መጥባት ያቅተዋል። ምላጩ ወይም ጉጠቱ የሚያስገባው ቁስል ሌላ ነው። እውነቱ፣ በዚህ ዕድሜ ሕፃን መዳህና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ማስገባት ስለሚጀምር፣ ከጡትም በተጨማሪ ምግብ ስለሚቀምስ፣ ተቅማጡና ጥርሱ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይወልደውም።

ሁለተኛው እንቅፋት «ሆዱ ይረፍ» እየተባለ ጡትና ምግብ መከልከሉ ነው። ይህን ብዙውን ጊዜ የምታዝዘው አያት ናት፤ ለልጅ ልጇም ከማንም በላይ የምትሳሳ እርሷ ናት። ስለዚህ ትምህርቱ ምራቷን ብቻ ለይቶ ከተሰጠ ውጤት አይኖረውም። አያትም፣ የልምድ አዋላጅም፣ ግግ የሚያወጣውም ሰው በአንድ ስብሰባ መገኘት አለባቸው። የሚጠባ ሕፃን ጡት እንደ ልቡ ይጥባ፤ ምግብ የጀመረውም ለስላሳ ምግብ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው።

የአሠራሩ ልክ

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጤና ኬላንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ወደ ገጠር ቀበሌዎች አድርሷል። ለተቅማጥ የሚሰጠው የታሸገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ከእርሱ ጋር የሚታዘዘው የዚንክ እንክብል ከጤና ኬላው የሚጠየቁ ናቸው። እንግዲህ ጉዳዩ እሽጉ በቤት ውስጥ በልኩ መበጥበጡ ላይ ነው።

አንዱ ትልቅ ስሕተት የውሃው መጠን ነው። ባለ አንድ ሊትሩን እሽግ ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥ፣ ወይም እሽጉን በሙሉ በአንድ ጣሳ ውሃ ላይ መገልበጥ በብዙ ቤት ይደረጋል። የመጀመሪያው ጨውና ስኳሩን ስለማያመጣጥን፣ ሁለተኛው ስለሚያከርረው ሁለቱም ጎጂ ናቸው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ላዩ ላይ መጠኑ ተጽፎበታል። 1 ሊትር የተጻፈበት አንድ ጠርሙስ ታጥቦ በየቤቱ ከተቀመጠ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በመድኃኒት የታከመ ውሃ እስከ አፉ ተሞልቶ በንጹሕ ዕቃ ላይ ይገለበጣል፣ እሽጉም በሙሉ ይጨመርበትና እስኪሟሟ ይማሰላል። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል።

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ የዚያን እጥፍ በማንኪያ ወይም በስኒ በዝግታ ይጠጣል። በጡጦ መስጠት ሌላ ጀርም ስለሚያስገባ አይመከርም። ሕፃኑ ቢያስታውከው ተስፋ ቆርጦ መተው አያሻም፤ ዐሥር ደቂቃ ታግሶ ከበፊቱ ይበልጥ በዝግታ፣ በማንኪያ ብቻ መቀጠል ነው። እናቶችን አስቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብጥብጡ ተቅማጡን ወዲያው አያቆመውም። ሥራው ያለቀውን ውሃ መመለስ ነው። ይህ ያልተነገራት እናት «ሰጠሁት፣ አልቆመም» ብላ በማግሥቱ ትተወዋለች። የተቅማጡን ዕድሜ የሚያሳጥረው ዚንኩ ነው። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም ሆኖ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ ቢቆምም መጨረስ ያስፈልጋል።

እሽግ በእጅ በማይገኝበት ሌሊት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ አፉ የተስተካከለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ከመሰጠቱ በፊት አዋቂ ሰው ይቅመሰው፤ ከእንባ ይበልጥ ጨው ጨው ካለ ተደፍቶ እንደገና ይሠራ። ስኳር ከሌለም ጨው ጣል የተደረገበት ቀጭን አጥሚት ወይም የሩዝ ውሃ በቤት ያለ መድኃኒት ነው። እህሉ በአንጀት ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ያው ጥማድ ይሆናል። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ የፀረ ጀርም መድኃኒት አያሻውም፤ ተቅማጥ የሚያቆሙ እንክብሎችን ከሱቅ ገዝቶ ለሕፃን መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው። ሰገራው ደም ካለበት፣ ትኩሳት ከበረታ ወይም የገባው ሁሉ በትውከት ከወጣ ጤና ኬላ መሄድ ያስፈልጋል።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው

ክረምት ሲገባ ጎርፍ የሜዳውን ሰገራ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ያወርዳል። ኮሌራም ሆነ አተት የሚባለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በዚህ መንገድ ይዛመታል። ምንጭን ማጎልበትና ማጠር፣ መጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር የማኅበሩ የቆየ ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ ማብዛት አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የሮታ ቫይረስ ክትባት ሕፃኑ ከተወለደ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት እንደሚሰጥ ማስታወስም ይገባል። ብዙ የማይነገርለት ግን ጥጃን ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማሳደሩ ነው። የጥጃ ተቅማጥ ከሚያመጡት ተዋሕስያን ውስጥ አንዳንዱ፣ በተለይም ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው፣ ከጥጃው ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል። የታመመች እምቦሳን ቅዘን ጠርጎ እጁን ሳይታጠብ ልጁን የሚያጎርስ ሰው በሽታውን በእጁ ተሸክሞ ያስገባል። ለጥጃው ከቤት የተለየ ማደሪያ መሥራት የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ከዚህ ውጭ የማኅበሩ መሪዎች ያለ ምንም በጀት ሊያደርጉት የሚችሉት፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ከአጀንዳው ሁሉ በፊት አንድ ሊትር ውሃና አንድ እሽግ ማስቀረብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከበጠበጠች በኋላ ከተሰብሳቢው መካከል ጢሙን ያበቀለ አንድ አባወራ ተነሥቶ ይበጥብጥ፤ ሊቀ መንበሩም ይቅመሰው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከአመራሩ አንዱ ያለ ማስታወቂያ ዐሥር ቤት አንኳኩቶ «ጠርሙሱ የት አለ? እስቲ በጥብጡልኝ» ይበል። በዐሥሩ ቤት ስንቱ በትክክል እንደ ሠራው መዝግቦ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርብ። ስንት ሰው እንደ ተሰበሰበ ከሚናገረው ሪፖርት ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጣል።

ጤና ጣቢያው ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ደግሞ የቃሬዛ ተራ አስቀድሞ በእድሩ ወይም በጎጡ መደልደል አለበት። በኮሌራ ጊዜ ተራ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት የሚዞርበት አንድ ሰዓት የሰውየውን አንድ ሊትር ውሃ ይወስዳል። ቃሬዛው ሲነሣ ከሸካሚዎቹ ሌላ አንድ ሰው የተበጠበጠውን ጠርሙስና ሲኒ ይዞ አብሮ ይሂድ። ሕመምተኛው መዋጥ እስከቻለ ድረስ በየርምጃው ቆም እየተባለ ይጠጣ፤ ራሱን ከሳተ ግን ትን እንዳይለው በአፉ ምንም ሳይገባ በፍጥነት ይድረስ። ጠርሙሱ መንገድ ላይ ቢያልቅ በአቅራቢያው ያለ ቤት ገብቶ የሚበጠብጥ ሰው ከሸካሚዎቹ መካከል መኖሩ ከመነሣታቸው በፊት ይጣራ።